ዓይን ሳይታዘዝ ሲያነብ
በሐረር አቦከር ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለንባብ ወዳጆች የተዘጋጀ ዲስኩር



አንድ ሰው አረንጓዴ እስክሪብቶ ያንሳና ነጭ ወረቀት ላይ «ቀይ» ብሎ ይጻፍ። ወረቀቱን አጠገቡ ለተቀመጠው ያሳይና ይጠይቀው፦ ቃሉን ተወው፣ ቀለሙ ምንድን ነው? ተጠያቂው «አረንጓዴ» ማለት አለበት። ይላልም፤ ግን ከመናገሩ በፊት ይደናቀፋል። አንዳንዱ «ቀ...» ብሎ ጀምሮ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ራሱን ታዝቦ ይስቃል። አንብብ ያለው የለም፤ እንዲያውም ቃሉን እንዲተወው ተነግሮታል። ዓይኑ ግን ቃሉን አንብቦ፣ ትርጉሙን ይዞ፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ቀድሞ አፉ ላይ ደርሷል።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው በዚህ ጨዋታ አይደናቀፍም። ያየውን ቀለም ይጠራል፣ ያበቃል።

ነገሩ መለካት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጄምስ ማኪን ካቴል የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ላይፕሲግ በሚገኘው የቪልሄልም ቩንት ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ሰዎች አንድን ቃል አንብበው ለመጥራት የሚወስድባቸው ጊዜ፣ አንድን ቀለም አይተው ስሙን ለመጥራት ከሚወስድባቸው እንደሚያንስ አረጋገጠ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ምክንያቱን ሲያብራራም፣ የተጻፈው ቃልና ድምፁ ከብዙ መደጋገም የተነሳ ራሱን በራሱ የሚያስኬድ ልማድ ሆነዋል፣ ቀለምን ለመሰየም ግን ሰው በፈቃዱ ስሙን ፈልጎ ማምጣት አለበት አለ። ከ49 ዓመት በኋላ በናሽቪል ከተማ በጆርጅ ፒቦዲ ኮሌጅ ይማር የነበረው ጆን ሪድሊ ስትሩፕ ሁለቱን አጋጨ። የቀለም ስሞችን ከስማቸው በተለየ ቀለም አሳትሞ ተማሪዎች የቀለሙን ስም እንዲጠሩ አደረገ። ባለቀለም ካሬዎች ሲቀርቡላቸው 100ውን ለመጥራት በአማካይ 63.3 ሰከንድ ፈጅቶባቸው ነበር፤ የሚቃረኑ ቃላት ሲቀርቡላቸው 110.3 ሰከንድ ፈጀባቸው። በተቃራኒው ቃሉን ብቻ እንዲያነቡ ሲጠየቁ ቀለሙ ያዘገያቸው ለጥቂት ነው። ቃል ቀለምን ያውካል፤ ቀለም ግን ቃልን ብዙም አይነካውም። ስትሩፕ ከዚያ ጥናት በኋላ ከምርምሩ ይልቅ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ማስተማር ያዘነበለ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሞት በስሙ የሚጠራው ፈተና በብዙ ቤተ ሙከራዎች ይሠራበት ነበር።

እስከዚህ ያለው በሥነ ልቦና ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የሚነገር ነው። ለአቦከር ታዳሚ የሚጠቅመው የሚቀጥለው ጥያቄ ነው፦ ጎበዝ አንባቢና ደካማ አንባቢ ለዚህ ፈተና ቢቀመጡ ማን የበለጠ ይደናቀፋል?

ብዙ ሰው ጎበዙ ይላል። አመክንዮውም የሚያሳምን ይመስላል። ንባብ ሳይታዘዝ የሚሮጠው በልምምድ ከሆነ፣ ብዙ የተለማመደው የበለጠ ሊቸገር ይገባዋል። ጅማሬው ላይ እውነትም እንዲያ ነው። ፒተር ሺለር እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ጥናት ገና ከፊደል ጋር የሚታገሉ የአንደኛ ክፍል ልጆች ብዙም አልታወኩም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ ግን መደናቀፉ ጣሪያ ነካ። ቃል ሳይጠሩት መምጣት የሚጀምረው ንባብ በተጀመረ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው ማለት ነው። ልጁ አቀላጥፎ ማንበብ ሳይችል ጀምሮ ዓይኑ መታዘዝ አቁሟል።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ልጆች በክፍል ከፍ እያሉ፣ ንባባቸውም እየፈጠነ ሲሄድ መደናቀፉ ይቀንሳል። አትናሲዮስ ፕሮቶፓፓስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የግሪክ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን አጥንተው ዲስሌክሲያ የተባለው የንባብ ችግር ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚታወኩ አሳዩ። ችግሩ በሌለባቸው ልጆች መካከልም ቢሆን በንባብ ደከም ያለው የባሰ ይደናቀፋል። ከማብራሪያዎቹ አንዱ የጊዜ ጉዳይ ነው። ፈጣኑ አንባቢ ቃሉን በቅጽበት አንብቦ ይጨርሰውና ወደ ጎን ያደርገዋል፤ የዘገምተኛው ንባብ ግን አፉ የቀለሙን ስም ሊጠራ በሚዘጋጅበት ሰዓት ገና በመንገድ ላይ ስለሆነ ሁለቱ በር ላይ ይገናኛሉ። ትኩረትን የመግዛት አቅምም የራሱ ድርሻ አለው።

ይህን መምህራን ልብ ሊሉት ይገባል። ክፍል ውስጥ የሚንተባተበው ልጅ ቃላት የማይገቡለት ልጅ ተደርጎ ይታያል። ይገቡለታል፤ ያውም ሳይጋብዛቸው። የቸገረው ዘግይተው መምጣታቸውና ሲመጡም ሥራውን ማወካቸው ነው። «አይገባውም» እና «ይዘገይበታል» የተለያየ ሕመም ናቸው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ከተማይቱ እንምጣ።

ሐረር ጎበዝና ደካማ የሚለውን ክፍፍል የምታፈርስ ከተማ ናት፤ አንዱ ሰው እዚህ በአንዱ ጽሕፈት ጎበዝ፣ በሌላው ደካማ ሆኖ ይገኛልና። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከሐረሪ ክልል 183,415 ነዋሪዎች ከመቶ 56.41 ኦሮሞ፣ 22.77 አማራ፣ 8.65 ሐረሪ ነበሩ፤ ጉራጌና ሶማሌም ይከተላሉ። በአቦከርና በጀጎል መንገዶች የሚያልፍ ሰው ከፍ ብሎ ቢያይ ሐረሪ በግዕዝ ፊደል፣ አማርኛ በዚያው ፊደል፣ ኦሮምኛ በቁቤ ተጽፈው ያገኛል፤ እንግሊዝኛውም አይጠፋም። መስጊድ ደጃፍ ዓረብኛው አለ። ቁቤ የኦሮምኛ ጽሕፈት ሆኖ የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. ነው። ሐረሪ ራሱ ወደ ግዕዝ ፊደል ከመምጣቱ በፊት ለዘመናት በዓረብኛ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል፤ ስለ ሃይማኖታዊ ግዴታዎች የሚናገረው «ኪታብ አል-ፈራኢድ» በዚያ መንገድ የተጻፈ የጥንት ሐረሪ ሥራ ነው። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሲገባ የመጻሕፍቷን ጥራዝ ጥንካሬና ውበት ያደነቀላት፣ ዛሬም በሸሪፍ ሙዚየም ያሉት የእጅ ጽሑፎች የሚመሰክሩላት ሐረር፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት አንባቢ ከተማ ነበረች።

እንግዲህ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በሐሳብ ትሳል። ቤት ውስጥ ሐረሪ ትናገራለች። ሰፈር ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቁርአን ትቀራለች። ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቃታል። «ይህች ልጅ ማንበብ ትችላለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ በየትኛው ጽሕፈት፣ በየትኛው ቋንቋ ካልተባለ። በአንዱ ጽሕፈት ዓይኗ ሳይታዘዝ ይሮጣል፣ በሌላው ፊደል በፊደል ትለቅማለች። በሁለት ቋንቋ የሚያነቡ ሰዎች ላይ የስትሩፕ ፈተና ብዙ ጊዜ ተሞክሯል። ኮሊን ማክሊዮድ እ.ኤ.አ. በ1991 የግማሽ ምዕተ ዓመቱን ጥናቶች ሲገመግም፣ ቃሉ በአንድ ቋንቋ ተጽፎ መልሱ በሌላ ቋንቋ ሲሆን እንኳ መደናቀፉ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ እንደሚደርስ አስቀምጧል። ትርጉም የቋንቋን አጥር አያከብርም። ኦሮምኛ በደንብ የሚያነብ ሰው በአረንጓዴ የተጻፈ «ዲማ» (ቀይ) አይቶ በአማርኛ «አረንጓዴ» ሊል ሲል ይያዛል።

ከዚህ የሚቀጥለው ነጥብ በጥንቃቄ መነገር አለበት። ድምፁ ሳይታዘዝ የሚሮጥ፣ ትርጉሙ ግን አብሮ የማይመጣ ንባብም አለ።

ዓረብኛ የማይናገር ልጅ ቁርአንን አሳምሮ ይቀራል። በመጽሐፉ የድምፅ ምልክቶቹ ተሟልተው ስለሚጻፉ ፊደሉን የሚያውቅ ልጅ ትርጉሙን ሳይጠይቅ እያንዳንዱን ድምፅ በትክክል ማውጣት ይችላል። በቤተ ክህነት ትምህርትም እንዲሁ ነው። ከፊደል ቆጠራ ወደ አቡጊዳና ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያም በንባብ ደረጃዎች አልፎ ዳዊት የደገመ ልጅ ግዕዙን እንደ ቋንቋ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ሰዋስውና ግስ ቅኔ ቤት ይጠብቁታል፣ ትርጓሜ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ሁለቱም ሥርዓቶች ይህን የሚያደርጉት አውቀው ነው። መጀመሪያ ድምፁ ሳይዛነፍ ይያዝ፣ ትርጉሙ በጊዜው ይመጣል የሚል አካሄድ ነው። ለቅዱስ መጽሐፍ ንባብ የሚገባው ጥንቃቄ እንዲህ ያለ ነው፤ በዚህ ላይ የሚሰነዘር ነቀፋ የለም። ነቀፋው ያለው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያንኑ መንገድ ይዞ፣ ትርጓሜ ቤቱን ግን ሳይከፍት ሲቀር ነው።

ሐረርን የሚመስል ቦታ ተጠንቷል። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል ላይቤሪያ ውስጥ የቫይ ሕዝብን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1981 መጽሐፍ አወጡ። ቫዮች የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ እንደ እኛው ፊደል አንድ ምልክት አንድ ክፍለ ቃል ይወክላል። ዓረብኛውን ከቁርአን ትምህርት፣ እንግሊዝኛውን ከመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የራሳቸውን ፊደል ከወዳጅ ከዘመድ ይማራሉ። አጥኚዎቹ ማንበብ የሰውን አእምሮ በጠቅላላው ይለውጣል ወይ ብለው ነበር የሄዱት። ያገኙት ሌላ ነው። ቁርአን የቀሩት በቅደም ተከተል የሚጨመሩ ቃላትን በማስታወስ በለጡ፤ የቫይ ፊደል የሚያነቡት ተቆራርጠው የሚነገሩ ክፍለ ቃላትን አጋጥሞ ዓረፍተ ነገር በማውጣት በለጡ፤ እንግሊዝኛ የተማሩት ምክንያትን በቃል በማስረዳት በለጡ። እያንዳንዱ ንባብ ሰው ያሠራውን ጡንቻ ብቻ ነው ያጎለበተው።

አማርኛ ላይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለ። ፊደላችን 33 ቤቶች በሰባት እየተባዙ 231 ሆነው ብዙ ቢመስሉም አናባቢን በማሳየት ረገድ ደግ ናቸው፤ አናባቢው እያንዳንዱ ፊደል ላይ አለ። የማያሳዩት ጥብቀትን ነው። «ገና»፣ «አለ»፣ «ይበላል» ከወረቀት ላይ ብቻቸውን ተነስተው በእርግጠኝነት ሊነበቡ አይችሉም። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በተባለው፣ የስፌት መኪኖች ድምፅ ስም ባወጣለት ጎዳና ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይታሰቡ። «ሰፊው አደባባይ ሞልቷል» እና «ሰፊው ሱቁን ከፈተ»። በመጀመሪያው «ፊ» ይጠብቃል፣ በሁለተኛው ይላላል። አንባቢው ድምፁን በትክክል ለማውጣት ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ትርጉም ከድምፅ በኋላ የሚመጣ ጌጥ አይደለም፤ አንዳንዴ ድምፁ የሚወጣው ትርጉሙ ከተያዘ በኋላ ነው።

ጎበዝ አንባቢ ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? ጋይ በስዌል በሺካጎ እ.ኤ.አ. በ1920 ጮክ ብለው የሚያነቡ ሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ቀርጾ ነበር። የጎበዙ ዓይን ከድምፁ ብዙ ርቆ ወደፊት ሄዷል፤ የደካማው ዓይን አፉ የሚጠራው ቃል ላይ ተጣብቋል። የመጀመሪያው አንባቢ አፉ «ሰፊው» ከማለቱ በፊት ዓይኑ «ሱቁን» አይቷል። ሁለተኛው ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ ክፍል ውስጥ የሚስቅበት አይጠፋም።

ቃል ቃልን እንደሚጠራም ተለክቷል። ዴቪድ ማየርና ሮጀር ሽቫንቬልት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች የቀረበላቸው የፊደላት ድርድር እውነተኛ ቃል መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ ተጠየቁ። «ዳቦ» ከ«ቅቤ» ጋር ሲቀርብ፣ ከማይዛመደው ቃል ጋር ከሚቀርብበት ጊዜ ይልቅ ውሳኔያቸው ፈጠነ። ልዩነቱ አንድ አስረኛ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ግን ሳያሰልስ ይታያል። ዳቦን ያነበበ አእምሮ ሳይጠየቅ የዳቦን ጎረቤቶች ቀስቅሷል።

እዚህም ብዙ ሰው ጎበዙ አንባቢ ከዚህ የበለጠ ይጠቀማል ብሎ ይገምታል። ኪት ስታኖቪች እ.ኤ.አ. በ1980 ያለውን መረጃ ሰብስቦ ተቃራኒውን ተከራከረ። ከዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ በሚመጣው እርዳታ የበለጠ የሚደገፈው ደካማው አንባቢ ነው። ጎበዙ እያንዳንዱን ቃል ለማወቅ መገመት አያስፈልገውም፤ ብዙውን ጊዜ ፊደሉ ይበቃዋል። ግምትን የሚጠቀምበት ለትልቁ ሐሳብ ነው። ደካማው ግን ፊደሉ የጎደለበትን በትርጉም ይሞላል። ስለ ገበያ በሚያወራ ምንባብ ውስጥ «ገበሬ» የሚለውን «ገበያ» ብሎ ያነበበ ልጅ ፊደል ሳተ እንጂ ማሰብ አላቆመም። እንዲያ ያለውን ስህተት እንደ ስንፍና የሚቆጥር መምህር ልጁ ያለውን ብቸኛ መሣሪያ ነጠቀው።

ይህ ሁሉ አገራዊ ቁጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆችን የንባብ ችሎታ ለመመዘን በ338 ትምህርት ቤቶች 13,079 ልጆች ተፈተኑ። ፈተናው ሐረሪን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ሐረሪ ክልልም ከተመረጡት አንዱ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ ከምንባቡ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከመቶ 48ቱ ደግሞ አንድም የመረዳት ጥያቄ አልመለሱም። በሦስተኛ ክፍል 20 እና 30 ሆነ።  ይህን ተናጋሪ የሚያሳስበው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ነው፦ ቃል የሚያነቡ፣ ያነበቡት ግን ያልቀረላቸው ልጆች። ዴቪድ ላበርዥና ጄይ ሳሙኤልስ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሉት ትኩረት የተወሰነ ሀብት ነው። ፊደል በመለየት ያለቀ ትኩረት ለትርጉም አይተርፍም። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ነገሩን በማባዛት አስቀመጡት፦ መረዳት ማለት ፊደል የማንበብ ችሎታ ሲባዛ በቋንቋው እውቀት ነው። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ምንም ያህል ቢያድግ ውጤቱ ዜሮ ነው። ዓረብኛ የማያውቀው ቀሪና ሐረሪ ብቻ እየተናገረ በሌላ ቋንቋ ማንበብ የሚጀምረው ልጅ በዚህ ስሌት አንድ ቦታ ይቆማሉ።

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ መደረጉ በዚህ በኩል ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ከፈተናው በኋላ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች ሲዘጋጁ ግን ሐረሪ ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም። ቋንቋው ትንሽ ስለሆነ የሚል መልስ ይኖራል። ተባዢው ግን የተናጋሪዎችን ብዛት አይጠይቅም።

ለአዋቂዎችም አንድ ቃል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ በሸመገሉ ዓይኖች ፊደል የቆጠሩ ብዙ ነበሩ። ዕድሜ ካለፈ ንባብ እጅ አይገባም የሚል ክርክር ይሰማል። ስታኒስላስ ዴኼንና ባልደረቦቹ በብራዚልና በፖርቱጋል 63 አዋቂዎችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። 10ሩ ማንበብ የማይችሉ፣ 22ቱ ካደጉ በኋላ የተማሩ፣ 31ዱ በልጅነታቸው የተማሩ ነበሩ። የተጻፈ ቃልን የሚለየው የግራ አንጎል ክፍል ካደጉ በኋላ በተማሩትም ላይ ተለውጦ ተገኘ። የለውጡ መጠን የተያያዘው ከንባብ ፍጥነታቸው ጋር ነው።

አቦከር ውስጥ ያለ መምህር ይህን ለመሞከር ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። ልጁ ቤት በሚናገረው ቋንቋ 60 ቃል ያህል ያለው አጭር ታሪክ ይጻፍና ለአንድ ደቂቃ ያስነብበው፤ አምስት ጥያቄ ይጠይቀው። በሌላ ቀን ያንኑ የሚመስል ታሪክ መምህሩ ራሱ ያንብብለትና አምስት ጥያቄ ይጠይቀው። ሦስተኛ ጊዜ በሁለተኛው ቋንቋ ያስነብበው። ማስታወሻው ላይ «ጎበዝ» ወይም «ደካማ» ብሎ በመጻፍ ፋንታ ሦስት ውጤት ለየብቻ ይመዝግብ። ሰምቶ የመለሰ፣ አንብቦ ግን ያልመለሰ ልጅ ቋንቋ አልጎደለውም፤ የጎደለው የፊደል ልምምድ ነው፣ በየቀኑ ከሚያውቃቸው ቃላት ጋር አጭር አጭር ንባብ ያስፈልገዋል። አቀላጥፎ አንብቦ ምንም ያልመለሰ፣ ሲነበብለትም ያልመለሰ ልጅ ደግሞ ተጨማሪ የፊደል ገበታ ቢሰቀልለት አይጠቅመውም፤ በዚያ ቋንቋ ወሬ፣ ተረትና ጨዋታ ያስፈልገዋል። በአንደኛው ቋንቋ ጥሩ ሆኖ በሁለተኛው የወደቀውን ልጅ ወላጆቹ ትምህርት አይገባውም ብለው ከመቆጣታቸው በፊት የመጀመሪያውን ውጤት እንዲያዩት ቤቱ ድረስ ይላክላቸው።